የብቻ ቃል በሰው መሃል

ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሳሎን ጥግ የሚቀመጥ ልጅ በየቤታችን አለ። እናት «ምሳ ቀርቧል» ትላለች፤ አይሰማም። አባት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንስና «ምንድን ነው እንዲህ ልብህን የሰወረው?» ይላል። ልጁ «ሙዚቃ ነው» ብሎ ያልፋል። አባት ማዳመጫውን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ያደርጋል፤ ደቂቃ ሳይሞላው ይመልስለታል። «ይኼ ደግሞ ዘፈን ነው? ዝም ብሎ ማውራት!» ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። ምሳው ይበላል፣ ማዳመጫው ወደ ጆሮ ይመለሳል።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ወር ወጋችን «ዝም ብሎ ማውራት» ስለተባለው ነገር ነው። ስለ ራፕ። እሱም ስለ መኪናና ስለ ወርቅ ሐብል የሚፎክረው ዓይነት አይደለም። ወደ ውስጥ የሚያየው፣ ከራሱ ጋር የሚሟገተው፣ ፍርሃቱንና ጸጸቱን ቤት እያስመታ የሚናገረው ነው። አንድ ሐሳብ ላቀርብላችሁ እፈልጋለሁ፦ ልጃችሁ እንዲህ ዓይነት ራፕ የሚወድ ከሆነ አንድ ቀን አብራችሁት ሄዳችሁ በመድረክ ስሙት። በማዳመጫ ሲሰማ የአንድ ልጅ ምስጢር ነው፤ በሰው መሃል ሲሰማ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን ላውጋችሁ።

ፉከራና እንጉርጉሮ

በእኛ አገር ቃል በዜማ የሚወጣበት መንገድ ብዙ ነው። ሁለቱን ብቻ ላንሳ። አንዱ ፉከራ ነው። ለአደባባይ ነው፤ ሰው በሞላበት ይነሳሉ፣ ዘር ይቆጥራሉ፣ ጀግንነት ይዘረዝራሉ። ሌላው እንጉርጉሮ ነው። ለብቻ ነው፤ እናት ወፍጮ ላይ፣ መንገደኛ በመንገዱ፣ ሐዘንተኛ ጓዳው ውስጥ ለራሱ የሚለው። ፉከራ አድማጭ ይፈልጋል፤ እንጉርጉሮ አድማጭ ከመጣ ይቋረጣል።

ሂፕ ሆፕ የሚባለው ነገር የተወለደው በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር ነው። ልደቱ የሚቆጠረው በፈረንጆቹ ነሐሴ 11 ቀን 1973 ሲሆን፣ ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ኸርክ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ለሰፈር ልጆች ሙዚቃ ያጫወተበት ምሽት ነው። ያኔ ነገሩ ጭፈራ ነበር። ቀጥሎ በማይክሮፎን የሚናገረው ሰው ጎልቶ ወጣ፤ ንግግሩም በአብዛኛው ፉከራ ሆነ። «ከእኔ በላይ ማን አለ?» ማለት የራፕ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ፎካሪ ያየ አበሻ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከዚያ ግን ራፕ አንድ የሚገርም ነገር አደረገ። እንጉርጉሮውንም ወደ አደባባይ አወጣው። ያው ማይክሮፎን፣ ያው ከበሮ፣ ያው የሚዘል ሕዝብ ባለበት አንድ ሰው ቆሞ «እኔ ፈርቻለሁ፣ እኔ ተሳስቻለሁ፣ እናቴን አሳዝኛለሁ» ማለት ጀመረ። በፈረንጆቹ 2018 ኬንድሪክ ላማር የተባለው የካሊፎርኒያ ልጅ በሙዚቃ ዘርፍ የፑሊትዘር ሽልማት ሲቀበል፣ ሽልማቱ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ለሆነ ሥራ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ስለ ራሱ ጥርጣሬ አጥብቆ የሚናገር ሰው ነው። «ዝም ብሎ ማውራት» ነው ብሎ ማለፍ ከዚያ በኋላ ትንሽ ይከብዳል።

የእኛም አሻራ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ አለ። ናስ የተባለው የኒውዮርክ ራፐር ከዴሚያን ማርሌ ጋር በ2010 ባወጣው አልበም መክፈቻ ላይ የሚሰማው ሙዚቃ ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» የተወሰደ ነው። ርዕሱን ልብ በሉልኝ፤ ትዝታ ያውም የግል። በሲያትል ያደገው ገብርኤል ቴዎድሮስ በ2007 «ላቭወርክ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ ስለ ስደተኛ ቤተሰብ፣ ስለ ማንነትና ስለ ፍቅር የሚናገር ድምፅ ይዞ ነበር የመጣው። በ2012 ደግሞ ከመክሊት ሐደሮና በርንትፌስ ከሚባለው አርቲስት ጋር ሆኖ «ኮፐርዋየር» በሚል ስም አንድ አልበም ሠራ፤ ታሪኩ በ2089 ዓመት በጠፈር መርከብ ላይ የሚፈጸም ነው። የስደተኛ ልጅ አገሩን ለማየት ከሰማይ መምጣት አለብኝ ብሎ ሲያስብ፣ ውስጡ ምን ያህል ሩቅ እንደሄደ አስቡት።

አገር ቤትም ጉዞው ተመሳሳይ ነው። ቴዲ ዮ «ጉራጌ ቶን»ን ይዞ ሲመጣ ያላጨበጨበ ሠርግ ቤት አልነበረም። ልጅ ሚካኤል ራፕን ወደ ትልቅ መድረክ አወጣው። እነዚህ መንገድ ከጠረጉ በኋላ ነው ሂፕ ሆፕና ሬጌን ከአገርኛ ቃና ጋር እያዋሐደ በአማርኛ ዝግ ብሎ የሚናገረው ካስማሰ በ2021 «ማለዳ» የተሰኘ አልበሙን ይዞ ወደ ብዙ ወጣት ጆሮ የገባው። የዛሬው ወጋችን ወደ እሱ ይወስደናል። ከዚያ በፊት ግን ማጀቴ ደርሰን እንመለስ፤ ምክንያት አለኝ።

ማማው ላይ

የእናቴ አገር ማጀቴ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ከታርማበር ዋሻ ወጥታችሁ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ የመኪናውን መስኮት ትከፍታላችሁ፤ ሽንኩርት የጫነ መኪና፣ ማንጎና ፓፓያ የደረደሩ እናቶች፣ ሙቀት። አጣዬን አልፋችሁ ወደ ማጀቴ ስትቀርቡ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው።

ይፋት የቃል አገር ነው። በአንድ መንደር የመንዙማው ድቤ ይመታል፣ በሌላው የቅዳሴው ከበሮ። ልቅሶ ላይ የሚወርደው ሙሾ ሟቹን ብቻ ሳይሆን ቋሚውን ያስለቅሳል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ወፍ ጠባቂውን ልጅ ነው።

ማሽላ ሲያሸት ወፍ ይወርድበታል። ስለዚህ በማሳው መሃል ከእንጨት ማማ ይሠራል፤ አንድ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ከማለዳ እስከ ማታ እዚያ ላይ ይውላል። ወፉ ሲመጣ ይጮኻል፣ ድንጋይ ይወነጭፋል። ወፉ ሲሄድ ምን ያደርጋል? ብቻውን ነው፤ መጽሐፍ የለው፣ ስልክ የለው። ያወራል። ለራሱ፣ ለወፉ፣ ለሰማዩ። ወሬው እየሰነበተ ቤት መምታት ይጀምራል። ትናንት አባቱ የቆጣውን፣ የቀናባትን ልጅ፣ የናፈቀውን ወንድሙን፣ ሁሉንም ከወፉ ስድብ ጋር ቀላቅሎ ይለዋል። ከወዲያኛው ማሳ ያለው ልጅ ይሰማና ይመልስለታል። ሁለቱ ሳይተያዩ፣ በማሽላው ላይ ቃል ይቀባበላሉ።

ልጅ ሆኜ ለክረምትም ለመስከረምም ስሄድ ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከዓመታት በኋላ ራፕ የሚሉ ልጆች ክብ ሠርተው ተራ በተራ ስንኝ ሲወረውሩ ሳይ እንግዳ ያልሆነብኝም ለዚህ ነው። ማማው ብቻ ነው የቀረው።

ሁለት ትኬት

የአክስቴ ልጅ ከማጀቴ ወደ አዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልፎታል። 17 ዓመቱ ነው። በአካባቢው ጸጥታው ሲደፈርስ ትምህርቱ ተቋረጠበት፤ አክስቴም «እናንተ ዘንድ ይማር» ብላ ሰደደችው። ጨዋ ልጅ ነው። ይታዘዛል፣ ዕቃ ያጥባል፣ ፈተና ያልፋል። ግን አይናገርም። «እንዴት ዋልክ?» ሲባል «ደህና»፤ «ምሳ በላህ?» ሲባል «አዎ»። የቀረውን ጊዜ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው።

አክስቴ በስልክ ሁሌ የምትለው አንድ ነው። «ያ ጩኸት ልጄን ወሰደብኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ በእናትሽ አስተይው።» እኔ ደግሞ ከማስተዋሌ በፊት ማወቅ ፈለግሁ። አንድ ማታ «ምን እየሰማህ ነው? አንድ አሰማኝ» አልኩት። ብዙ አመነታ። ከዚያ አንዱን ማዳመጫ ሰጠኝ፣ አንዱን እሱ ያዘ። ካስማሰ ነበር። ሁለት ሙዚቃ ዝም ብለን ሰማን። ምንም አስተያየት አልሰጠሁም። በሳምንቱ ሁለት የኮንሰርት ትኬት ይዤ ገባሁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አዳራሽ ስገባ መጀመሪያ የማየው መድረኩን አይደለም፤ ሰዉን ነው። ማን መጣ? ከማን ጋር? ምን ለብሶ? በማስታወቂያው ላይ የወጣቶች ምሽት ነበር የሚመስለው። በሩ ላይ ግን የወጣቱ ብዛት እንዳለ ሆኖ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ባለ ክራቫቶች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ባልና ሚስት፣ ልጁን ትከሻ ላይ የተሸከመ አባት አየሁ። ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት በጣም ዘግይቶ ነው የተጀመረው፤ ይህ በከተማችን ልማድ ስለሆነ ማንም አልተገረመም። የአክስቴ ልጅ አንድ ቃል ሳይናገር ጎኔ ቆመ።

ሙዚቃው ሲጀመር ሦስት ነገር ተረዳሁ፤ ሦስቱም በማዳመጫ የማይገኙ ናቸው።

የመጀመሪያው የዝቅተኛው ድምፅ ኃይል ነው። የቤዝ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በደረት ይገባል። እግራችሁ ሥር ያለው ወለል ይናገራል። ቃሉ የሚመጣው በዚያ ላይ ተጭኖ ስለሆነ «ሰማሁት» ከማለት «ያዘኝ» ማለት ይቀላል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ትንፋሽ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይሰማም፤ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። መድረክ ላይ ግን ረጅም ስንኝ የሚል ሰው አየር ሲያጥረው ይታያል። ትከሻው ይነሳል፣ ማይክሮፎኑን ከአፉ ያርቃል፣ ይመለሳል። የሚናገረው ነገር ዋጋ እያስከፈለው እንደሆነ ዓይናችሁ ያያል። ቃሉ ከስልክ የሚወጣ ድምፅ መሆኑ ይቀርና የአንድ ሰው ቃል ይሆናል።

ሦስተኛውና ትልቁ ሕዝቡ ነው። በፈጣኑ ሙዚቃ ሁሉም ዘለለ፣ እጅ ወጣ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ወደ ውስጥ የሚያየው፣ ዝግ ያለው ሲመጣ ግን ጭፈራው ቆመ። ሰዉ ቆሞ ቃሉን ማለት ጀመረ። የስንኙን መጨረሻ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን። ግራዬ ያለች ተማሪ የምትመስል ልጅ ዓይኗን ጨፍና ትለዋለች። ፊት ለፊቴ ያለው ባለ ክራቫት ይለዋል። ወደ ቀኝ ዞር ስል የአክስቴ ልጅም ይለዋል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ብቻ አይደለም፤ በድምፁ። ከመጣ ጀምሮ ከአፉ ያልሰማሁትን ያህል ቃል በአራት ደቂቃ ሰማሁ።

በሥራዬ እኛ የምንጽፈው ሰው ስለ ራሱ እንዲሰማው የሚፈልገውን ነው። «ይገባዎታል»፣ «ምርጥ ነዎት»፣ «ሕይወትዎን ያቅልሉ»። ሰው ስለ ራሱ መስማት የማይፈልገውን ነገር በሰሌዳ ላይ ለጥፎ የሸጠ የማርኬቲንግ ባለሙያ አላውቅም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ሰዎች ገንዘብ ከፍለው፣ ተሰልፈው፣ ቆመው ሰው ስለ ድክመቱ ሲናገር ሰሙ፤ ሰምተውም አብረው ደገሙት። እኔ የተማርኩት የገበያ ትምህርት ይህን አያብራራውም። የይፋት ሙሾ ግን ያብራራዋል። ለቀስተኛ ለሌላው ሰው ሟች የሚያለቅሰው የራሱን ሟች ይዞ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። አልቃሿ ቃሉን ትሰጣለች፤ እያንዳንዱ በቃሏ የራሱን ያወጣበታል።

የአዲስ አበባ ሰው ለቃል ያለው ፍቅር አዲስ አይደለም። በራስ ሆቴል ጦቢያ ግጥምን በጃዝ ሲቀርብ የነበረውን ታዳሚ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ግጥም ለመስማት አዳራሽ የሚሞላ ከተማ ነው። ራፕ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው፤ ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ።

በታክሲው ውስጥ

ስንወጣ መሽቷል። ታክሲ ጠራሁና ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ምንም አልጠየቅሁትም፤ ጆሮዬም ይጮኽ ነበር። ትንሽ እንደሄድን እሱ ጀመረ።

«እትዬ፣ ሁሉም ያውቁታል እኮ።»

«ምኑን?»

«ቃሉን። እኔን ብቻ የሚመለከት መስሎኝ ነበር።»

ዝም አልኩ። አንድ የትራፊክ መብራት ካለፍን በኋላ ቀጠለ። ማጀቴ እያለ አብሮት ማማ ላይ የሚውል፣ የወዲያኛው ማሳ ልጅ ነበረ። ቃል የሚቀባበሉት እነሱ ነበሩ። ጓደኛው ከእሱ በሁለት ዓመት ይበልጣል። አንድ ሌሊት በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሄድ እንደሆነ ለእሱ ብቻ ነገረው፤ «ለእናቴ እንዳትነግር፣ ስደርስ ራሴ እደውላለሁ» አለው። ሄደ። አልደወለም።

«እናቱ ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ትጠይቀኛለች» አለኝ። «አላውቅም እላታለሁ። ምለሃል ብላ አታስምለኝም፤ ዝም ብላ ታየኛለች። አዲስ አበባ ስመጣ ደስ ያለኝ እሷን ላለማየት ነው።»

የይፋትና የወሎ ቤተሰብ ይህን መንገድ ያውቀዋል። በእግርና በጭነት መኪና እስከ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ከኦቦክ በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ድንበር። ከየመንደሩ የሄደ አለ፤ የደረሰ አለ፣ የተመለሰ አለ፣ ድምፁ የጠፋ አለ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ግን ይህን ምስጢር ብቻውን ተሸክሞ፣ ከእናት ዓይን እየሸሸ፣ ማዳመጫ ሰክቶ ሲኖር ነበር። እኛ ከጆሮው ላይ ያየነው ማዳመጫውን ነው።

ያን ሌሊት ምክር አልሰጠሁትም። «ከባድ ነው» አልኩት፣ «ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል» አልኩት። በሚቀጥለው እሁድ ከአክስቴ ጋር ተመካከርን። አክስቴ ወደ እናትየው ቤት ሄደች፣ ቡና ተፈላ፣ ስልኩ ተሰጣት። እሱ እዚህ ሳሎናችን ውስጥ ቆሞ ያወራል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ሁሉንም ነገራት። እናትየው አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ከማን ጋር ሄደ?» እና «ሲሄድ ጫማ አድርጎ ነበር?»

ማንነታቸውን የሚያውቃቸውን አብረው የሄዱ ልጆች ነገራት። ጫማም ማድረጉን ነገራት። እሷም «እሰይ» አለች።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በኩል ጉዳዩን አስመዘገበ። ማኅበሩ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በመሆን በስደትና በግጭት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት ይሰጣል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ቤተሰቦች ስላሉ እዚህ ላይ መጻፌ ለአንድ ሰው እንኳ ቢጠቅም ደስ ይለኛል። ሲመዘገብ መቼ እንደሄደ፣ በየት በኩል፣ ከማን ጋር የሚለው ዝርዝር ያስፈልጋል። ያ ዝርዝር ያለው አንድ ልጅ ጋ ብቻ ነበር። መልስ እስካሁን አልመጣም።

ራፕ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ኮንሰርት የጠፋ ልጅ አይመልስም፣ የተቋረጠ ትምህርት አይቀጥልም። የማምንበት ነገር ከዚህ ያነሰ ነው፤ ግን ትንሽ አይደለም። ልጅ ለብቻው የሚለውን ነገር ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ሲለው ከሰማ፣ ለአንድ ሰው መናገር እንደሚቻል ያውቃል። ያ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ከሆነ ደግሞ መንገዱ አጭር ይሆናል።

መሄድ ለምታስቡ ቤተሰቦች

አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ስሙ። ልጃችሁ የሚወደውን አንድ ሙዚቃ ይምረጥ፣ እናንተ ስሙ። «ይኼ ምኑ ይጥማል?» ከማለት «የትኛው ስንኝ ደስ አለህ?» በሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ ክስ ነው፣ ሁለተኛው ጨዋታ። በዚያው ቃሉ ለልጁ ዕድሜ የሚመጥን መሆኑንም ታያላችሁ፤ ሁሉም ራፕ ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም።

ጆሯችሁን ጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ በሙዚቃ መድረኮች ላይ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። በእኛ አዳራሾች ዴሲቤል የሚለካ ሰው ስለማይታይ መለኪያው እናንተ ናችሁ። ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት አትቁሙ። ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ገዝታችሁ ያዙ፤ ታዳጊዎች ካሉ ግዴታ አድርጉት። በየመሃሉ ወጣ ብላችሁ ጆሮ አሳርፉ።

ሰዓቱን እንደ ተጻፈው አትመኑት። እራት በልታችሁ ሂዱ፣ ውኃ ያዙ፣ የምትመለሱበትን መጓጓዣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከተለያያችሁ የምትገናኙበትን ቦታ በር ላይ ወስኑ።

ልጁን አትቅረጹት። እናንተ ስልክ ስታወጡ እሱ አፉን ይዘጋል። እንደ እሱ ለመዝለልም አትታገሉ፤ አጠገቡ መቆማችሁ ይበቃል።

ሲመለሱ አትጠይቁ። «እንዴት ነበር? ምን ተማርክ?» የሚለውን ለነገ አቆዩት። በመኪናው ውስጥ ያለውን ዝምታ አትሙሉት። ዝምታው የእናንተ አይደለም፤ የእሱ ነው፤ ከፈለገ እሱ ይከፍተዋል። ባይከፍተውም አንድ ምሽት አብራችሁ ቆማችኋል።

ትልቅ ኮንሰርት ኪስ የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ በየባህል ማዕከሉና በየካፌው የሚዘጋጁ የግጥምና የሙዚቃ ምሽቶች አሉ። አንዳንዴ ትንሹ ክፍል ይሻላል፤ ትንፋሹ ከቅርብ ይሰማል።

የአክስቴ ልጅ አሁንም ብዙ ተናጋሪ አይደለም። ማዳመጫውንም አልጣለም፤ አክስቴም ስለ ጩኸቱ ማንሳት ትታለች። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ወደ ማጀቴ ይደውላል፣ ለጓደኛው እናት። ብዙ አያወሩም። ዝናብ ጣለ ወይ ይላታል፣ ማሽላው እንዴት ነው ይላታል፣ እሷም ትምህርቱን ትጠይቀዋለች። የልጇን ስም አንዳቸውም አያነሱም፤ ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስለ እሱ መሆኑን ያውቃሉ።

መልካም ወር ይሁንላችሁ።